መልስ፦ ማሽኑ ሲበራ የእናቴ ጣቶች ይበልጥ ይጨበጣሉ

ስትሮክ የመታቸውን እናትህን እጅ ጡንቻን በኤሌክትሪክ በሚቀሰቅስ ማሽን ስታሠራ ጣቶቻቸው ከመከፈት ይልቅ ይበልጥ እንደሚጨበጡ ጠይቀሃል። ችግሩ ፓዶቹ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሪክ አስተላላፊዎች፣ ያሉበት ቦታ ነው። ውስጠኛው ክንድ ላይ ስለለጠፍካቸው ጣት የሚያጥፈውን ጡንቻ እየቀሰቀስክ ነው። እሱ ደግሞ ከስትሮክ በኋላ ድሮም የተወጠረ ነው።

ክንዳቸውን መዳፉ ወደ ታች ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። አንዱን ፓድ ከክርን ሦስት አራት ጣት ዝቅ ብለህ፣ ሌላውን ከእጅ አንጓ ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ ሁለቱንም በክንዱ ጀርባ በኩል ለጥፍ። ከ30 እስከ 50 ሄርዝ (በሰከንድ ያን ያህል ምት) ይበቃል፤ ኃይሉን ቀስ እያልክ ጨምር። አንጓው ብቻ ቀና ብሎ ጣቶቹ ካልተከፈቱ፣ የላይኛውን ፓድ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ጠጋ አድርገው። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ለውጥ አለው።

ደግሞ ማሽኑ እየሠራ ቲቪ እንዳያዩ! ንዝረቱ በመጣ ቁጥር ራሳቸውም ጣታቸውን ለመክፈት ይሞክሩ። ዋናው ሥራ እሱ ነው።

አባቴን ሳሠራ ያየሁትን ልንገርህ፦ የታመመው እጅ ስሜቱ ስለሚደነዝዝ «ምንም አላቃጠለኝም» ቢሉህም አትመን። ፓዱን ስታነሳ ቆዳውን በዓይንህ እይ። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ) ወይም የሚጥል በሽታ ካለባቸው ግን ሐኪማቸው ሳይፈቅድ ማሽኑን አታብራው።