ሁለት ዙር ብቻ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሻርሎት አካባቢ ቅዳሜ ማታ ስቶክ ካር የሚባለውን የውድድር መኪና መንዳት ጀምሯል። «ጋሼ፣ ለልምምድ ብቻ ከሆነ ሃንሱን ባላደርገውስ? አንገቴን ይዞ አላዞር አለኝ» አለኝ። ሃንስ በግጭት ጊዜ ጭንቅላትንና አንገትን የሚይዝ መከላከያ ነው። «አይሆንም» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ለእሱም፣ እሱን ለመሰላችሁም ልጻፍ አልኩ።

በፈረንጆቹ 1998 ነው። ቀን ጋራዥ እውላለሁ፤ ማታ አንዲት ትንሽ የውድድር ሜዳ ላይ የአንድ ልጅ መኪና እሠራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የመስኮቱ መረብ መቆለፊያ ተበላሽቷል። መረቡ መኪናው ሲገለበጥ የሾፌሩ እጅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይይዛል። ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ያን ቀን ካርቡሬተሩን አስተካክዬ ልንሞክረው ፈለግን። «ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ ሜዳው ላይ እኮ ማንም የለም» አለኝ። እኔም መረቡን በሽቦ አሰርኩለት። በሽቦ! አዲስ አበባ ሙያ ያስተማረኝ መካኒክ ፊያት ፈትተን ስንገጥም አንዲት ብሎን ከተረፈች ቦታዋ ሳይገኝ ምሳ አይበላም ነበር። እኔ የእሱ ተማሪ ነኝ።

ሁለተኛው ዙር ላይ የነዳጁ ፔዳል እንደተረገጠ ቀረ። መኪናው ግድግዳውን መታ፣ በጎኑ ወደቀ፣ ተንሸራተተ። ሽቦው ተበጠሰ። ስንደርስ ግራ እጁ በበሩና በአስፋልቱ መካከል ነበር። ነፍሱ ተርፋለች። ሦስት ጣቶቹን ግን አጣ። ሆስፒታል ስገባ «ያንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ። እስከ ዛሬ አላመንኩትም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ በናስካር፣ በአሜሪካ ትልቁ የስቶክ ካር ውድድር፣ ስመ ጥር የነበረው ሾፌር ዴል ኧርንሃርት ሞተ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001፣ ዴይቶና የውድድር ሜዳ፣ የመጨረሻው ዙር። በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ቀደም ብሎ የቶኒ ስቱዋርት መኪና አየር ላይ ተገለባብጦ ሰውየው ተርፏል። የኧርንሃርት ግጭት ለዓይን ከዚያ የቀለለ ነበር። መኪና ሲገለባበጥ ኃይሉ በየምቱ ያልቃል። ኮንክሪት ሲመታ ግን ባንዴ ይቆማል። ቀበቶው ደረትን ሲይዝ ጭንቅላት ብቻውን ወደ ፊት ይሄዳል፤ የራስ ቅል ከአንገት የሚገናኝበት ቦታ ይሰበራል። ሃንስ ትከሻ ላይ፣ ከቀበቶው ሥር ተቀምጦ ሄልሜቱን በሁለት ማሰሪያ የሚይዘው ለዚህ ነው። ኧርንሃርት አይወደውም ነበር። በ2000 ብቻ ሾፌሮቹ አዳም ፔቲ፣ ኬኒ ኧርዊንና ቶኒ ሮፐር ግድግዳ መትተው ሞተዋል። ናስካር ሃንስን ወይም መሰል የአንገት መያዣን ግዴታ ያደረገው ግን በ2001 ኦክቶበር ነው። በዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ምቱን የሚውጥ የብረትና የፎም ግድግዳ ተተከለ። ከኧርንሃርት ወዲህ በዋናው የናስካር ውድድር የሞተ ሾፌር የለም።

የዛሬ ልጆች ግጭትን የምታውቁት ከጌም ነው። ተጋጭቶ እንደገና መጀመር ለምዳችኋል፤ ይሄ ያስፈራኛል። እኛም አልተሻልንም፤ ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አትወዳደሩ አልልም። የገዛ ልጄ ሲጠይቀኝ ግን እምቢ ብያለሁ።

አንተ የደወልክልኝ ልጅ፣ አንገትህን ከያዘህ ማሰሪያው አጥሮብህ ይሆናል፤ ይስተካከላል። ከቅዳሜ በፊት መኪናውን ይዘህልኝ ና። ቀበቶህ ላይ የተሰፋውንም ቀን አያለሁ። ሁለት ዓመት ካለፈው አዲስ ሳንገጥም ሜዳ አትገባም።