ከፌስታል እስከ ታንክ፦ አዲስ ክላውንፊሽ ማላመድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ዓሣ የሚጠይቁ ናቸው፤ በብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት ነጭ መቀነት ስለታጠቀው ክላውንፊሽ። ጠያቂዎቹ የያዙት ኦሴላሪስ የሚባለውን ዝርያ ስለሆነ፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር ከታች ያሉት ቁጥሮች የእሱ ናቸው። ታንኩ ሊኖረው የሚገባውን አንድ ጊዜ ብለነው እንለፍ፦ ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነት በሪፍራክቶሜትር (በብርሃን ስብረት ጨው በሚለካው መሣሪያ) 1.025፣ ማለትም ውሃው ከንጹሕ ውሃ 1.025 እጥፍ ይከብዳል፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፤ ሁለቱ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 110 ሊትር ታንክ አዘጋጅቼ አምስት ሳምንት ያለ ዓሣ ሠርቷል። አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይባት፣ 40 ሊትር የምትይዝ ለይቶ ማቆያ ታንክም አለችኝ። ያዘዝኩት ክላውንፊሽ ነገ በፖስታ ይደርሳል። አንዱ ጓደኛዬ «ሁለት ሰዓት ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግህ አላምደው» ይለኛል፤ ሌላው «ሙቀቱን አመሳስለህ ወዲያው ልቀቀው» ይላል። የማንን ልስማ? (ኤ.፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሁለቱም ያወራሉ እንጂ «ዓሣው ፌስታል ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ?» ብሎ የጠየቀ የለም። መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በታሰረ ፌስታል ውስጥ ዓሣው ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ አሲዱ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል) እየወረደ ይሄዳል። ከስንጥቡ የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ ፒኤቹ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ አብዛኛው አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል፤ አሞኒየም ያን ያህል አይጎዳም። ፌስታሉ ሲከፈት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ የተኛው አሞኒየም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ የመጣን ዓሣ በዚያው ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ጠብታ ማስጠበቅ ማላመድ ሳይሆን መመረዝ ነው። የእርስዎ ዓሣ በፖስታ ስለሚመጣ የሁለተኛው ጓደኛዎ ምክር ይሻላል፤ ነገር ግን ከሙቀቱ ሌላ ጨዋማነቱም መመሳሰል አለበት።

ዛሬውኑ ወደ ሻጩ ይደውሉና ዓሣው በስንት ጨዋማነት ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ። ብዙ ሻጮች ጥገኛ ተውሳክ ለመቀነስም፣ ጨው ለመቆጠብም ከ1.018 እስከ 1.020 ላይ ያቆዩታል። ለይቶ ማቆያውን ወደተነገረዎት ቁጥር ያውርዱት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 40 ሊትር ውሃ ከ1.025 ወደ 1.020 ለማምጣት አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 8 ሊትር ቀድተው አውጥተው፣ በዚያው ሙቀት ያለ ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ 8 ሊትር ይተኩ።

ዓሣው ሲደርስ የታንኩን መብራት ያጥፉ፤ ካርቶኑንም ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ይክፈቱ። ፌስታሉን ሳይፈቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ያንሳፍፉት። ከዚያ ይፍቱትና ወዲያው ጨዋማነቱን ይለኩ። ልዩነቱ ከ0.002 የማይበልጥ ከሆነ ዓሣውን በመረብ ወይም በትንሽ ኩባያ ይዘው ያስገቡት። የፌስታሉ ውሃ ወደ ፍሳሽ እንጂ ወደ ታንክ አይግባ። ልዩነቱ ከዚያ ከሰፋ የሚስተካከለው የለይቶ ማቆያው ውሃ ነው፤ ዓሣው አይጠብቅም። በኋላ ጨዋማነቱን በቀን ከ0.001 እስከ 0.002 ብቻ እያሳደጉ 1.025 ያድርሱት።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ምክንያት ስላለን ነው። ዓሣ ጨው ወደበዛበት ውሃ በድንገት ሲገባ ውሃ ከሰውነቱ ይሳባል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት አይታይም፤ ዓሣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሞታል፣ ሰውም ምግቡን ወይም ሻጩን ይወቅሳል። ወደ ቀነሰ ጨዋማነት መግባት ግን በጣም ይቀለዋል።

የጠብታው ዘዴ የሚያገለግለው ከቅርብ ሱቅ፣ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለመጣ ዓሣ ነው። ዓሣውን ከነውሃው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አድርገው፣ ከታንኩ በቀጭን የአየር ቱቦ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጠብታ ያውርዱ። ቱቦውን ቋጥሮ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ መስመር ካለ ግን ከነመቆጣጠሪያው ስለሆነ ይሻላል። ውሃው እጥፍ ሲሆን ግማሹን ደፍተው አንዴ ይድገሙ፤ በጠቅላላው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። በክረምት ባልዲው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ቴርሞሜትር አይለየው።

መለኪያዎ ራሱ እንዳይዋሽዎ ይጠንቀቁ። ሪፍራክቶሜትር በንጹሕ ውሃ ሳይሆን በሺህ 35 ጨዋማነት ባለው ማስተካከያ ፈሳሽ ቢስተካከል ይታመናል። ክንድ ያለው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ላይ የአየር አረፋ ከተለጠፈ ክንዱን ስለሚያነሳው ከእውነቱ በላይ ያነባል፤ መታ መታ አድርገው ያራግፉት።

አምስት ሳምንት ስለሞላ ብቻም ታንኩ ደርሷል ማለት አይደለም። ዓሣ ሳይገባ አሞኒያ እስከ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል) ይጨምሩበትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ ባክቴሪያው ሥራውን ይዟል። የዲሲ የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ በተጣመሩበት ጀርም ገዳይ) መሆኑንም ያስታውሱ። ክሎራሚን ሲበጠስ አሞኒያ ይለቅቃል፤ በካርቦንና በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በስስ ሽፋን በሚያጣራው ዘዴ) ያልተጣራ ውሃ የሚጠቀም ሰው «አሞኒያው ዜሮ አልሆን አለኝ» የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣዬ ከገባ አራት ቀኑ ነው። ላይኛው ጥግ ተወሽቆ ሲርገበገብ ይውላል፣ ማታ ጎኑን አጋድሞ ይተኛል፣ ምግብ አፉ ውስጥ አስገብቶ ትፍ ይላል። ታሞብኝ ይሆን? (ሄ.፣ ለንደን)

መልስ፦ ከነገሩን ውስጥ ለብቻው የሚያስደነግጥ የለም። ክላውንፊሽ ደካማ ዋናተኛ ነው፤ በባሕር ውስጥም ከአኔሞኒው (መጠጊያ ከሚያደርገው፣ ተናዳፊ ክሮች ካሉት የባሕር እንስሳ) ብዙ አይርቅም። አኔሞኒ በሌለበት ታንክ አንድ ጥግ፣ ማሞቂያውን ወይም የፓምፑን አፍ ቤቱ ያደርጋል። መርገብገቡ አዋዋኙ ነው፤ ጎኑን አጋድሞ መተኛቱም የተለመደ ነው። መብራት ሲበራ ቀና ካለ ይተዉት። ፓምፑ እየገፋው እንደሆነ ግን ይመልከቱ፤ ያለማቋረጥ ከወጀብ ጋር የሚታገል ዓሣ አይበላም።

እርስዎ የሚከታተሉት ትንፋሹን ይሁን። ጠዋት ከመብላቱ በፊት የስንጥቡ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ቆጥረው ይጻፉት፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ቁጥሩ ከዕለት ወደ ዕለት ከጨመረ፣ አንዱ ስንጥብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወይም ዓሣው የውሃው ገጽ ላይ አፉን ከከፈተ ችግር አለ። በመጀመሪያ አሞኒያውን ይለኩ።

ስለ ምግቡ፣ መትፋቱ ብዙውን ጊዜ የመጠን ወይም የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ፔሌት (ደረቅ የምግብ ፍሬ) መርጠው በታንኩ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያርሱት። እንቢ ካለ የቀለጠ ማይሲስ (በረዶ ሆኖ የሚሸጥ ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ) ይሞክሩ፤ ለአንድ ዓሣ የአንድ ኩብ ሩብ ከበቂ በላይ ነው። የመጨረሻው መሣሪያ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ነው፤ እንቁላሉ በጨው ውሃ ውስጥ በ27 ዲግሪ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ክላውንፊሽ አይንቅም። ከ10 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን በቱቦ ስበው ያውጡ። ሻጩ ምን ያበላው እንደነበር መጠየቅም አይርሱ፤ በታንክ የተፈለፈለ ዓሣ የለመደውን ፔሌት ነው የሚፈልገው። ክዳንም ይኑርዎት፤ አዲስ ዓሣ ይዘላል።

ጥያቄ፦ ከሱቅ በመጣ በሦስተኛው ቀን ገላው ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበት በፍጥነት ይተነፍሳል። የመዳብ መድኃኒት ልጨምር? (መ.፣ ዱባይ)

መልስ፦ ነጩ ነገር ምን እንደሚመስል ሳይለዩ አይጨምሩ። ተለይተው የሚቆጠሩ፣ የገበታ ጨው ፍሬ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ከሆኑ የባሕር ኢክ የሚባለው የተውሳክ በሽታ ነው። ዱቄት የተነፋበት ከመሰለና ዓሣው ወደ ፓምፑ ወጀብ ፊቱን አዙሮ ከቆመ ቬልቬት የሚባለው ሌላ የተውሳክ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጋግ ከሆነ፣ ቆዳው እንደ ስስ ነጭ ላስቲክ እየተላጠ ከሆነ ደግሞ ብሩክሊኔላ ነው፤ ክላውንፊሽን በጣም ስለሚወድ በስሙ የሚጠራ በሽታ ነው። መዳብ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይሠራል፣ ለብሩክሊኔላ አይሠራም። ቬልቬትም ብሩክሊኔላም በቀናት ውስጥ ስለሚገድሉ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ብሩክሊኔላ ከሆነ ዓሣውን ዛሬ ወደ ለይቶ ማቆያ ያውጡት። ከመግባቱ በፊት ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቢነከር ተውሳኩ ይቀንስለታል። የመንከሪያው ሙቀት ከታንኩ ጋር አንድ ይሁን፣ ፒኤቹ በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ከፍ ይበል፣ አየር ይነፋበት። ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ሕክምናው ፎርማሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል ነው። ፎርማሊን ኦክስጅን ስለሚያሳጣና ለሰውም ካንሰር አምጪ ስለሆነ፣ ያለ ጓንትና በዝግ ክፍል እንዳይነኩት፤ መጠኑም ከጠርሙሱ ላይ እንጂ ከሰው አፍ አይወሰድ። ሜትሮኒዳዞል ለ38 ሊትር 250 ሚሊግራም ነው፤ ለዓሣ የተዘጋጀውን ዱቄት ይግዙ እንጂ የሰውን ክኒን አይፍጩ።

የትኛውም መድኃኒት ወደ ዋናው ታንክ አይግባ። በተለይ መዳብ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ይጨርሳል፣ ድንጋዩም ውስጥ ይቀራል። ዋናው ታንክ ለብሩክሊኔላ 6 ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ኢክ ከሆነ ጥንቁቆቹ 76 ቀን ይጠብቃሉ።

ጥያቄ፦ ክላውንፊሽ በአስመጪ ከዱባይ ሊመጣልኝ ነው። እዚህ መብራት ይጠፋል፤ ሌሊቱም ይበርዳል። ምን ልዘጋጅ? (ተ.፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመብራቱ በፊት ከፍታውን ያስቡ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ 25 ዲግሪ ያለው የጨው ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 5 ገደማ ብቻ ይይዛል። ይህ ለክላውንፊሽ ይበቃዋል፤ የተረፈ መጠባበቂያ ግን የለም። ፓምፑ የውሃውን ገጽ በደንብ እንዲያናውጥ ያድርጉ፣ ሙቀቱን በ27 ሳይሆን በ25 ይያዙ፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ፌስታሉም ተነፍቶ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ዱባይ ላይ የታሰረ አየር እዚህ ሲደርስ በሲሶ ገደማ ያብጣል። አስመጪው አወጣጥሮ እንዳያስር አስቀድመው ይንገሩት። ከበረራው ጋር የማሸጊያውና የጉምሩኩ ሰዓት ሲደመር ጉዞው ረጅም ስለሆነ አገባቡ ለዲሲው አንባቢ እንዳልነው ነው።

ለ100 ሊትር ታንክ አንድ 200 ዋት ማሞቂያ ከመግዛት ሁለት ባለ 100 ዋት ይግዙ፤ አንዱ በርቶ ቢቀር ዓሣውን አይቀቅለውም፣ ቢቃጠልም ሌላው ይይዝልዎታል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወዲያው ይጀምር፣ ዓሣው አይመገብ፣ ታንኩ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ይሸፈን፤ ላዩ ግን ለአየር ክፍት ይቀመጥ። ዝግ ካኒስተር ፊልተር (ውሃው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚያልፍበት ማጣሪያ) ካለዎት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ በኦክስጅን እጦት መሞት ይጀምራል። መብራት ሲመጣ ያን የታመቀ ውሃ ደፍተው ያብሩት፤ አለዚያ የሚገማው ውሃ በቀጥታ ዓሣው ላይ ይረጫል።

ጥያቄ፦ ስምንት ወር የቆየ አንድ ክላውንፊሽ አለኝ። ኤይላት ስዋኝ ያየሁትን ዓይነት ጓደኛ ብጨምርለትስ? አኔሞኒስ ግድ ነው? (ብ.፣ ቤርሼባ)

መልስ፦ ኤይላት ያዩት ቢሲንክተስ የሚባለው የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ ነው፤ በምጽዋና በዳህላክ በኩልም ያለው እሱ ነው። ሁለት መቀነት አለው፣ እስከ 14 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ በትንሽ ታንክ ውስጥ ኦሴላሪስን አያኖርም። ከኤይላት ኮራል ጥብቅ ስፍራ ማውጣት ደግሞ በሕግ ክልክል ነው።

ጓደኛው ኦሴላሪስ ሆኖ ከነባሩ በግልጽ የሚያንስ ይሁን። ክላውንፊሾች ሲያድጉ በመጀመሪያ ወንድ ይሆናሉ፤ የበላይ የሆነው ወደ ሴት ይለወጣል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ሁለት ሴት አንድ ታንክ ውስጥ ከተገናኙ አንዷ እስክትሞት ይጣላሉ። አዲሱን ለይቶ ማቆያ ውስጥ ካቆዩት በኋላ ዋናው ታንክ ውስጥ በባለ ቀዳዳ ሣጥን አድርገው ከነባሩ ጋር ከ3 እስከ 7 ቀን እየተያዩ ይቆዩ፤ በሚለቁበት ቀንም ድንጋዮቹን ቦታ ያለዋውጡ። ትንሹ በትልቋ ፊት ጎኑን አጋድሞ ቢንቀጠቀጥ መገዛቱን እየነገራት ነውና ጣልቃ አይግቡ። ክንፉ ከተቀደደ ወይም ከላይኛው ጥግ ለመብላት እንኳ መውረድ ከፈራ ግን ያውጡት።

አኔሞኒ ግድ አይደለም። ከፈለጉ ባለ ፊኛው ዓይነት ይሻላል፤ ጠንካራ ብርሃንና ቢያንስ ስድስት ወር የረጋ ታንክ ይፈልጋል፤ ከገባም በኋላ ቦታ ሲመርጥ ይንከራተታል። ከማስገባትዎ በፊት የፓምፖቹን አፍ በስፖንጅ ይሸፍኑ፤ ፓምፕ የፈጨው አኔሞኒ ውሃውን መርዞ ዓሣዎቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።