«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የት ተጽፏል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። በግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ቡና ይነግዳል። የ9 እና የ5 ዓመት ሴቶች ልጆች አሉን። እሱና እናቱ ሦስተኛ እንድንወልድ ይፈልጋሉ፤ አማቴማ «ጧሪ ቀባሪ ወንድ ልጅ» ይላሉ። እኔ የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ የሞግዚቷን ደመወዝ፣ የክርስትናውን ድግስ ስደምረው ከገቢያችን ያልፋል። ይህን ስነግረው «አንቺ እግዚአብሔርን በካልኩሌተር ነው የምታምኚው፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይለኛል። ገንዘብ ቆጥሮ ልጅን ማዘግየት እምነት ማጣት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያቺን አባባል በብዙ ቤት አግኝቻታለሁ። የሚጠቅሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «መጽሐፉም ይላልኮ» ብሎ ይጀምራል። የት ላይ? ስለው አንዱ መዝሙረ ዳዊት ይለኛል፣ ሌላው ምሳሌ። የለችም። «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የሚለውም የአበው ተረት ነው። ክፉ ነው አላልኩም። ልጅ ወልዶ የሚያበላው ላጣ ሰው፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚነገር ማጽናኛ ነው። ላዘነ ሰው የተባለን ቃል ገና ያልተወለደ ልጅ መወሰኛ ስናደርገው ግን ቦታው ይስታል።

የሰማይ ወፎችንም ይጠቅሱልሻል። ጌታ ያለው «አትጨነቁ» ነው፤ «አትቁጠሩ» አላለም።

ባልሽ ቡና ነጋዴ ነው አልሽኝ። እስቲ ጠይቂው፤ ከአጋሮ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲመጣለት እንዴት ነው የሚገዛው? ዘግኖ ያየዋል፣ እርጥበቱን ይፈትሻል፣ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ፈረሱላው 17 ኪሎ ካልሞላ ብሩን አያወጣም። ለጀንፈል የተገባ ሚዛን ለልጅ ሲሆን እንዴት ክህደት ይሆናል? ደግሞ ቡና አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይሰጥና በሌላው ዓመት ያርፋል። ልጅ ግን በሁለቱም ዓመት ይበላል። በደጉ ዓመት ገቢ ብቻ የታሰበ ቤት በክፉው ዓመት አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል።

አበዳሪ ካነሳሁ ዘንድ፣ ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን አንብቢ። ሰው ከዚያ ታሪክ የሚያስታውሰው የበዛውን ዘይት ነው። መነሻው ግን አንድ ከነቢያት ወገን የሆነ ሰው ዕዳ ትቶ መሞቱ ነው። ሚስቱ ለኤልሳዕ ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ እንደነበር መስክራለች፤ እምነት ጎድሎት አልነበረም። ሆኖም አበዳሪው መጣ፤ የመጣውም ሁለቱን ልጆች ባሪያ አድርጎ ሊወስድ ነው። አባት የተበደረውን ልጆች ሊከፍሉ! ኤልሳዕም «ዕድላቸው ነው» አላላትም። «በቤትሽ ያለውን ንገሪኝ» ነው ያላት። ዘይቱ ከበዛ በኋላም «ሽጠሽ ክፈዪ፤ በተረፈው ኑሩ» አላት። ከተአምሩም በኋላ ሒሳብ ነበረ።

ዛሬ ልጅ የሚነጥቅ አበዳሪ የለም፤ ዕዳው ግን አሁንም በልጅ ይከፈላል። አንቺ ከወለድሽ በኋላ ሕጉ የሚሰጥሽ 90 ቀን ነው። ከ91ኛው ቀን ጀምሮ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ሞግዚት መክፈል ያቃተው ቤት መልሱን ያውቀዋል፦ ታላቅ እኅቱ። ፊደል ያስቆጠርኳት አንዲት ልጅ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጠፍታ ከርማ፣ አንድ ቀን ሕፃን አዝላ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አየኋት። «ምነው ቀረሽ?» ብላት «እማዬ ሥራ ትውላለች» አለችኝ። ትምህርቱንም ከ5ኛ ክፍል አቋርጣለች። ሕፃኑ ያደገው በዕድሉ አይደለም፤ በእሷ ዕድል ነው። የ9 ዓመት ልጅሽን ባሰብኳት ቁጥር ይቺ ትታየኛለች።

ለአማትሽ በአክብሮት የምትነግሪያቸው ቃል ደግሞ አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ገንዘብ ማከማቸት ያለባቸው ወላጆች ለልጆች እንጂ ልጆች ለወላጆች እንዳልሆነ ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 12፥14)። መጦርና ማክበር የልጅ ግዴታ ነው፤ ልጅን ለጡረታ ብሎ መውለድ ግን ሌላ ነው። ሴቶቹስ መጦር ማን ከለከላቸው?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ እስካሁን ያነበብሽው ሳያስደስትሽ አልቀረም። በዝርዝርሽ ውስጥ የክርስትና ድግስ አለ። ቤተ ክርስቲያን ለ40 ወይም ለ80 ቀኑ በግ አልጠየቀችም፤ የጠየቀው የሰው ዓይን ነው። ትምህርት ቤቱንም የመረጣችሁት ለትምህርቱ ይሁን ለስሙ አንቺ ታውቂያለሽ። እነዚህን አውጥተሽ እንደገና ደምሪ። ያኔም ካልበቃ፣ ማዘግየታችሁ ኃጢአት አይደለም፤ «ብዙ፥ ተባዙ» ሲባል ቁጥር አልተሰጠንም። ከበቃ ግን ገንዘቡን ሰበብ አታድርጊው። ደክሞሽ ይሆናል፤ ፈርተሽም ይሆናል። ይህ አያሳፍርም፤ ግን በስሙ ጥሪውና ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። በምን መንገድ እንደምታዘገዩም የሚመክሯችሁ እሳቸው ናቸው። የተፀነሰ አይነካም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። በድብቅ የሚደረግም ነገር አይኑር፤ ሐዋርያው ባልና ሚስት መታቀብ እንኳ ሲፈልጉ «ተስማምታችሁ» ነው ያለው (1ኛ ቆሮ. 7፥5)።

አንድ ነገር ግን ጥያቄሽ ውስጥ አጣሁ፤ የባልሽ ገቢ ስንት ነው? «ገቢያችን» ብለሽ ጽፈሻል፤ ብዙ የነጋዴ ሚስቶች ግን የሚያውቁት ባል ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠውን ብቻ ነው። ኤልሳዕ አንቺን «በቤትሽ ያለውን ንገሪኝ» ቢልሽ መመለስ ትችያለሽ? የዘንድሮ ቡና ሳይገባ፣ ሁለታችሁ አንድ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። የአምናውን ገቢና የሰው ዕዳ እሱ በእጁ ይጻፍ፣ ወጪውን አንቺ። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። እኔም ጋ ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ እሱ ያለ ደብተሩ ከመጣ ግን ቡና ጠጥቶ ይመለሳል።