ላይኛው ቢጫ፣ ግርጌው ለምለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጎጃም፣ መርዓዊ አካባቢ ነኝ። ተዳፋት በሆነ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ቀይ አፈር ላይ በቆሎ በመስመር ዘርቼ 50 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) እና 50 ኪሎ ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ከላይ እስከ ታች እኩል ሰጠሁ። ላይኛው ቀጭጮ ቢጫ ሆነ፤ ግርጌው ግን ለምለም ነው። ለመጪው ክረምት ለላይኛው ዩሪያ ልጨምርለት?

መልስ፦ አይጨምሩ፤ መጀመሪያ ውሃውን ይግቱት። ዩሪያ በውሃ ቶሎ ይሟሟል። መሬት ላይ ተበትኖ የሐምሌ ዝናብ ካገኘው ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። የኤንፒኤሱ ፎስፈረስ ግን ከአፈሩ ጋር ስለሚጣበቅ የሚሄደው አፈሩ ሲታጠብ ነው። ግርጌው የላይኛውን ድርሻ ጭምር እየበላ ነው ማለት ነው።

ተዳፋቱን ይለኩ። 10 ሜትር ሲባጎ ይዘው አንዱን ጫፍ ላይኛው መሬት ላይ ያስነኩ፤ ሌላውን ከታች በቆመ እንጨት ላይ አስረው በግንበኛ ውሃ ልክ ያስተካክሉ። ከታች ከሲባጎው እስከ መሬቱ 80 ሳንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 8 በመቶ ነው፤ በየ12 ሜትሩ ገደማ እርከን ይሥሩ። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ፍጹም ደልዳላ እርከን ውሃ አቁሮ ይሰበራል። በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ዝቅ እያለ ሣር ወደ ለበሰ መፋሰሻ ይድረስ። በማረሻ የሚወጣውን ፈሰስ (የውሃ መውረጃ ቦይ) ቀጥ አድርጎ ቁልቁል መልቀቅ ቦረቦር ይፈጥራል። የዘር መስመሩም ተዳፋቱን ያቋርጥ፤ ቁልቁል ከወረደ ሽልሻሎው (በበቆሎው መስመሮች መካከል በበሬ የሚታረሰው) ቦዩን ሁሉ የጎርፍ መንገድ ያደርገዋል።

ከዚያ ወደ ማዳበሪያው። ኤንፒኤሱ በሙሉ በዘር ጊዜ ይግባ፤ ዘሩን ከነካ ያቃጥላል፣ ስለዚህ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ። ከዩሪያው 17 ኪሎ በዘር ጊዜ፣ 33 ኪሎ ደግሞ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይስጡ። በ75 በ30 ሳንቲሜትር ርቀት አንድ ጥማድ 11,000 ያህል እግር ይይዛል፤ ከ33 ኪሎው ለአንድ እግር 3 ግራም፣ ማለትም ያልሞላ የለስላሳ ቆርኪ ይደርሳል። ከአገዳው 10 ሳንቲሜትር ርቆ በዳገቱ በኩል ይደረግና አፈር ይልበስ። ዶፍ ሊጥል ሲያስገመግም ይተዉት። የቤት ፍግ ካለዎት ሁሉም ለላይኛው ይሁን፤ ለም አፈሩ የተጠረገው ከዚያ ነው።

ቅጠሉንም ያንብቡ። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ መሐሉን ይዞ ቢጫ ከሆነ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ቡቃያው ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ካደላ ፎስፈረስ ነው። እርከኑ ተሠርቶም ሐምራዊነቱ ከቀጠለ አፈሩን ለአሲድነት ያስመርምሩ፤ አሲዳማ ቀይ አፈር ፎስፈረሱን አስሮ ይይዘዋልና፣ ያኔ የሚያስፈልገው ኖራ እንጂ ተጨማሪ ኤንፒኤስ አይደለም።