ከ«ግሩም ነበር» ባሻገር፦ ስለ ወቅቶች የዜማ ድርሰት ውድድር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ እኛ በባሕር ዳር የምንኖር ሙዚቃ ወዳድ ጓደኛሞች በክረምት፣ በመጸው፣ በበጋና በጸደይ፣ በየወቅቱ አንድ ጊዜ፣ አዲስ የተደረሱ ዜማዎች የሚቀርቡበት የወዳጅነት ውድድር እናዘጋጃለን። የገንዘብ ሽልማት የለውም፤ ለእያንዳንዱ ወቅት አንድ ርእሰ ጉዳይ ይሰጥና የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንት፣ የኪቦርድና የጊታር ተጫዋቾች በዚያ ላይ ደርሰው ያቀርባሉ። የክረምቱ ዝግጅት ካበቃ በኋላ ለታዳሚውም ለተወዳዳሪዎቹም የአስተያየት መስጫ ወረቀት ብናድል አብዛኛው ባዶውን ተመለሰ፤ የተጻፈበትም ቢሆን «ግሩም ነበር፣ በርቱ» ከማለት አላለፈም። ይሁን እንጂ ሁለት ወጣት ደራሲዎች ለመጸው ውድድር እንደማይመዘገቡ ከሌላ ሰው ሰማን፤ ምክንያታቸውን ግን የነገረን የለም። ሰው በእውነት የሚያስበውን እንዴት ልናውቅ እንችላለን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእጅዎ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ይልቅ ያልተጻፈው የሁለቱ ወጣቶች አስተያየት ይበልጣልና ሥራውን ከእነርሱ ይጀምሩ። የወዳጅነት ውድድር ገንዘብም ዝናም ስለማያስገኝ፣ ደራሲው በሚቀጥለው ወቅት ተመልሶ ለመድረስ ካለው ፍላጎት በቀር የሚያቆመው ምሰሶ የለውም። ስለዚህ አስተያየት መሰብሰብ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ደራሲውን እንደገና እንዲደርስ የሚያተጋውንና ከመድረክ የሚያስቀረውን ለይቶ ለማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የታዳሚው እርካታ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ወጣቶቹን የሚያነጋግራቸው ሰው ከዳኞቹ አንዱ አይሁን፤ በዕድሜ የሚቀርባቸው፣ በውድድሩም ነጥብ ያልሰጠ ሰው ለየብቻቸው ያግኛቸው። «ለምን ቀራችሁ?» የሚለው አጠያየቅ ወቀሳ ስላለበት ተጠያቂው ራሱን ለመከላከል ይቸኩላል። «ሥራህን ካቀረብክ በኋላ በዚያ ምሽት ምን ምን ሆነ?» ብሎ ጠይቆ ሳያቋርጡ ማዳመጥ ይሻላል። ምናልባት ዜማው ሲቀርብ ታዳሚው እያወራ ነበር፤ ምናልባት አንድ ዳኛ በሰው ፊት የተናገረው ቃል ቅስሙን ሰብሮት ይሆናል፤ ወይም የምዝገባው ጊዜ ከትምህርት ጋር ተጋጭቶበታል። ምክንያቱ የመጨረሻው ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ስለሚዘልቅ ዝግጅቱን ወደ ኅዳር ገፋ ማድረግ ይቻላል።

ወረቀቱ ባዶውን የተመለሰው ሰው አስተያየት ስላጣ አይመስለኝም። በአንድ ከተማ ውስጥ ሙዚቃ የሚወድ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ስም ባይጻፍም የእጅ ጽሑፍ ይለያል። ሥራዎቹን ያለ ስም በቁጥር ብቻ ብታሰሙ እንኳን የማሲንቆ ተጫዋች በአጨዋወቱ ይታወቃል። ይሉኝታ ባለበት ስምን መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄው ራሱ እውነቱን ሲናገሩ ማንም በማይጎዳበት መንገድ መቀረጽ አለበት። «ዝግጅቱን እንዴት አገኙት?» ብለን ስንጠይቅ ምስጋና እንለምናለን፤ የጠየቅነውንም እናገኛለን። በምትኩ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ «ከሰሙት ውስጥ ዛሬ ሊያንጎራጉሩት የሚችሉት የትኛውን ነው? እስቲ የሚያስታውሱትን ያህል ያሰሙኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ታዳሚው የትኛውን ዜማ እንደያዘ፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደጠፋበት በራሱ ድምፅ ይነግራችኋል። «ሐሳብዎ ከመድረኩ የራቀው የትኛው ላይ ሲደርስ ነበር?» እና «በሚቀጥለው ወቅት አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ ቢባል ምኑ ይለወጥ?» የሚሉትም ጥሩ ፍሬ አላቸው። በዕድሜ የገፉ ባለሙያዎችን ደግሞ «አባቴ፣ ይህን ዜማ እርስዎ ቢጫወቱት የቱ ላይ ይለውጡት ነበር?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው። የአንድን ወጣት ሥራ ደካማ ነው ማለት የሚከብዳቸው አባት ማሲንቆውን አንሥተው የሚለውጡትን ቦታ ቢያሰሙ፣ ያ ከየትኛውም የተጻፈ አስተያየት የላቀ ነውና ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅረጹት።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልለፍ። ሕዝባችን በሙዚቃ ላይ አስተያየት መስጠት አያውቅም የሚባለው ትክክል አይደለም። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ወርቁ የገባው ይስቃል፣ ደስ ያለው ይሸልማል። አስተያየት እዚያው በቅጽበት ይሰጣል፣ ሥራውም እዚያው ይቃናል። ነገር ግን ይህ ልማድ ጆሯችንን ያሠለጠነው በይበልጥ በግጥሙ ላይ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ሥራ በጥቅሉ የተጠየቀ ሰው ስለ ስንኙ ተናግሮ ዜማውን ሳይነካው ያልፋል። የእናንተ ውድድር የዜማ ድርሰት ውድድር ነው። በአልበሞቻችን ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር በየባለቤታቸው ስም ተለይተው እንደሚጻፉ ሁሉ፣ የእናንተም ጥያቄ ሦስቱን ለያይቶ ያቅርብ። ስለ ዜማው ሲጠየቅ፣ ሥራው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (የዜማ ስልቶች) በአንዱ፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ተጀምሮ ከቅኝቱ የወጣበት ቦታ አለ ወይ? ካለስ አውቆ የወጣ ይመስላል ወይስ ስቶ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን የሚመልሱት ሁሉም ታዳሚዎች አይደሉም፤ ለተጫዋቾችና ለዳኞች ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ይሁን።

በዚሁ ላይ ወዳጅነትን የሚያሻክር አንድ ነገር አለ። በነባር የሕዝብ ዜማ ላይ አዲስ ግጥም ገጥሞ ማቅረብ የቆየና የተከበረ ልማድ ነው፤ ዜማውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ራሱ የደረሰው ተወዳዳሪ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጋር በአንድ መስፈርት ሲመዘን ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ይህ ቅሬታ በአደባባይ ስለማይነገር ተወዳዳሪዎቹን በቀጥታ ጠይቋቸው፦ ሁለቱ ዓይነት ሥራዎች አብረው ይወዳደሩ ወይስ ይለዩ? የእኔ አስተያየት ነባር ዜማ መጠቀም አይከልከል፣ ነገር ግን በምዝገባ ጊዜ ይገለጽና ለብቻው ይመዘን የሚል ነው።

ከዜማው ውጭ ያለው ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው ከዚያ ነው። አንድ ሰው «ዝግጅቱ ረዘመ» ብሎ ቢጽፍላችሁ ሥራዎች ለመቀነስ አትቸኩሉ፤ «የረዘመብዎት መቼ ላይ ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ የዋሽንት ቀዳዳዎች ግን አንድ ጊዜ ከተበሱ ስለማይለወጡ ዋሽንት ነፊው ሌላ ዋሽንት ማንሣት ይኖርበታል። የአቀራረቡ ተራ በዕጣ ብቻ ሲወሰን በየመሐሉ ሰው ይጠብቃል፣ ወሬ ይጀመራል፣ ቀጥሎ የሚያቀርበውም ያልተሰበሰበ ታዳሚ ይጠብቀዋል። ይህ በአንድ ቅኝት የተደረሱትን በተከታታይ በማስቀመጥ ብቻ የሚፈታ ነው። የክረምቱን አስተያየት ስትመረምሩ የአየሩንም ሁኔታ አትርሱ። በሐምሌና በነሐሴ የባሕር ዳር ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ክራር አይሰማም፤ እርጥበቱም የማሲንቆውን ቆዳና የፈረስ ጭራ ስለሚያረግበው ድምፁ ይደክማል። «ድምፁ ደከመ» የተባለው ተጫዋች ጥፋተኛው እርሱ ላይሆን ይችላል። በየወረቀቱ ራስ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የአየሩን ሁኔታ ብትመዘግቡ የክረምቱን አስተያየት ከበጋው ጋር ያለ አድልዎ ለማነጻጸር ይረዳችኋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የተወዳዳሪዎችን አስተያየት ውጤት ከመነገሩ በፊት ተቀበሉ። ያሸነፈ በደስታው፣ የተሸነፈ በሐዘኑ ስለሚናገር ከውጤት በኋላ ስለ አዘጋጃጀቱ የሚሰጠው ቃል ሚዛኑን ይስታል። የመጨረሻው ሥራ ቀርቦ ዳኞቹ ነጥብ ሲደምሩ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል፤ ሁለት ጥያቄዎችን በቃል ጠይቆ መልሱን መመዝገብ ነው። ረዘም ያለው ጭውውት በዚያው ሳምንት ውስጥ ይደረግ። መጻፍ ለማይሆንላቸው፣ ወይም ዜማን በቃላት ለማስረዳት ለሚቸገሩ፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክ ይፈቀድ፤ «እዚህ ጋ እንዲህ ቢሆን» ብሎ አንጎራጉሮ ማሳየት ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይሻላል።

የመጸውን ውድድር ስትከፍቱ በክረምቱ ምን እንደሰማችሁ፣ ምኑን እንደለወጣችሁ፣ ምኑን ደግሞ በምን ምክንያት እንዳልለወጣችሁ ለታዳሚው ተናገሩ። ቃሉ ከወረቀት አልፎ ሥራ ላይ ሲውል ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ ወረቀት አይመልስም። ስለ አንድ የተወሰነ ሥራ የተሰጠ አስተያየት ግን በመድረክ አይነበብ፤ ለደራሲው ብቻ ይሰጥ።

ጥያቄ፦ በእንዲህ ያለ ውድድር ላይ በዳኝነት አገለግላለሁ። ነጥባችንን ለተወዳዳሪዎች እንግለጽ ወይስ አንግለጽ በሚለው ከባልደረቦቼ ጋር መስማማት አልቻልንም። ብንገልጽ ወዳጅነቱ ይቀዘቅዛል ብለን ፈራን፤ ባንገልጽ ደግሞ ደራሲው ምን ማሻሻል እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለየግል ይገለጽ፤ ቁጥሩ ግን ብቻውን አይሰጥ። በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪው የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ቃል፣ የተሰበረውን ቤት (ስንኝ) ለይተው እዚያው ያርሙለታል። ተማሪው የሚሄደው የሚታረመውን ቦታ ይዞ ነው፤ ከመቶ ስንት አገኘሁ የሚል ነገር የለውም። ይሁን እንጂ በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ለመታረም ብሎ የመጣ ነው፤ ወደ እናንተ መድረክ የመጣው ሰው ደግሞ ሥራውን ለማሰማት እንጂ በሰው ፊት ለመታረም አልመጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ልቡን የያዘውን አንድ ቦታ፣ ሊሠራበት የሚገባውን ሌላ አንድ ቦታ። «ዜማው ሳቢ አይደለም» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ «ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ዜማው ወደ መነሻው ሲመለስ ቸኩሏል፤ ጥቂት ቢያርፍ ይሻል ነበር» የሚለው ግን ደራሲውን ወደ ክራሩ ይመልሰዋል። በሰው ፊት እንዲነገረው የሚፈልግ ተወዳዳሪም አይጠፋምና በምዝገባ ጊዜ ምርጫውን ጠይቁት። ተወዳዳሪዎችም በተራቸው ስለ ዳኝነቱ አስተያየት የሚሰጡበት መንገድ ይኑር፤ የሚቀበላቸው ግን ዳኛ ያልሆነ አዘጋጅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከሐይቁ ማዶ፣ ጎርጎራ ነው የምኖረው። አዘጋጆቹ በቦታው ያልተገኘን ሰዎች አስተያየት እንድንሰጥ ሁሉንም ሥራዎች ቀርጸው በቴሌግራም ቡድን ሊያካፍሉን አስበዋል። የራሴም ዜማ ከመካከላቸው ስላለ ሰው ወስዶ የራሱ እንዳያደርገው ሰጋሁ። (ከጎርጎራ)

መልስ፦ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነ ሥራ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈበት ጊዜ አንሥቶ ያለ ምንም ምዝገባ ለደራሲው ጥበቃ ይሰጣል። ስለሆነም ዜማው መቀረጹ በራሱ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ሥጋቱ ያለው ቅጂው ያለ ፈቃድ መሠራጨቱ ላይ ነው። ከመላክዎ በፊት በቅጂው መጀመሪያ ላይ ስምዎንና ቀኑን በድምፅዎ ይናገሩ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ በራስዎ ስልክ ያስቀምጡ። አዘጋጆቹም ከእያንዳንዱ ደራሲ የጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉ፣ ቡድኑን ለተጋበዙ አድማጮች ብቻ ይክፈቱ፣ አስተያየት የሚሰጥበት ሳምንት ሲያበቃም ቅጂዎቹን ከቡድኑ ያንሡ። ይህን ካላሟሉ ፈቃድዎን መንፈግ ይችላሉ፤ በዚያም ምክንያት ከውድድሩ ሊሰናበቱ አይገባም።