ተጋጣሚያችሁ ሲንቀሳቀስ ምን ተለወጠ?

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «በኢንተርኔት ሦስት ሺህ ጨዋታ ቼዝ ተጫውቼ ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) ከ1200 አልነቃነቅ አለኝ፤ የትኛውን መክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) ልያዝ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን ጨዋታ አስታወሰኝ፦ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ሶቺ ላይ የኖርዌዩ ማግነስ ካርልሰንና የህንዱ ቪስዋናታን አናንድ ለዓለም ሻምፒዮናነት ያደረጉትን 6ኛ ጨዋታ።

ነጭ የያዘው ካርልሰን በ26ኛው እርምጃ ንጉሡን ከሲ1 ወደ ዲ2 አወጣ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። የእርሱ ሩክ (ግንብ) ጂ4 ላይ፣ የአናንድ ሩክ ጂ8 ላይ ነበሩ፤ በመካከላቸው የአናንድ ፈረስ ጂ6 ላይ ቆሟል። ፈረሱ ተነሥቶ የኢ5ን ወታደር ቢበላ ነጭ የጂ8ን ሩክ ይበላል። ጥቁር ግን መልሶ ለመብላት አይቸኩልም። ፈረሱ የሲ4ን ወታደር በቼክ፣ ማለትም ንጉሡን እያጠቃ፣ ይበላል፤ ንጉሡ ወደ ዲ3 ሲሸሽ ቢ2 ላይ ገብቶ ሌላ ቼክ ይሰጣል፤ ከዚያ ኤች8 ላይ የቆየው ሁለተኛው ሩክ ጂ8ን ይበላል። ሁለት ወታደር በነጻ! ንጉሡ ሲ1 ላይ ቢቆይ ኖሮ ሲ4ን መብላት ቼክ አይሆንም ነበር። ስህተቱ ያ አንዲት እርምጃ ናት። አናንድ ግን የዳር ወታደሩን ወደ ኤ4 ገፋ፤ በ38ኛው እርምጃ ተሸነፈ።

አናንድ ያን ጥምረት ማየት አቅቶት አይደለም። ሲከላከል ስለቆየ ከካርልሰን ስጦታ አልጠበቀም። አሳቡ በራሱ ዕቅድ ላይ ነበር።

እናንተም በየጨዋታው የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ለጨዋታው በሙሉ ሦስት ደቂቃ ይዛችሁ፣ በየእርምጃው የሚታከል ጭማሪ ሰከንድ ሳይኖር ስትጫወቱ ለ40 እርምጃ በአማካይ የሚደርሳችሁ 4 ሰከንድ ተኩል ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚታየው የራስ ዕቅድ ብቻ ነው። ፕሪሙቭ የምትሉት ደግሞ ይብሳል፤ የተጋጣሚን እርምጃ ሳያዩ መልስ መስጠት ነው። 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ተጫወቱ፤ ለአንድ እርምጃ 32 ሰከንድ ያህል ይደርሳችኋል። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰከንዶች ለተጋጣሚ ስጡ፦ የተነሣው ዕቃ ሲጠብቅ የነበረውን ምን ለቀቀ? የቆመበት ቦታስ ለየትኛው ቼክ አጋለጠው? የራሳችሁን ዕቅድ ከዚያ በኋላ አስቡ።

ስትሸነፉ ወዲያው «አዲስ ጨዋታ» የሚለውን መንካት የዘመናችሁ ክፉ ልማድ ነው። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተሸነፋችሁ ለዕለቱ ዝጉት። የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ መጀመሪያ ያለ ኮምፒውተር እዩት፤ የተበላሸበትን እርምጃ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። የኮምፒውተሩን ትንታኔ ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት መልሱን ታያላችሁ እንጂ ለምን እንዳላያችሁት አታውቁም።

ሦስት ደቂቃን ግን ጨርሶ ጣሉት አልልም። አዲስ የተማራችሁት መክፈቻ እጃችሁ ላይ እንዲገባ ከእርሱ የተሻለ የለም፤ አሥር ጨዋታ ይበቃል።

መክፈቻን በተመለከተ፣ ለጠያቂው፦ የያዝከውን አትቀይር። ጊዜህን ጥቂት ዕቃ ብቻ ለሚቀርበት ለጨዋታው መጨረሻ ክፍል ስጥ፣ በተለይ ከንጉሦቹ ሌላ ሩክና ወታደር ብቻ ለሚቀሩበት። ጥቁር ይዘህ በአንድ ወታደር ጎድለህ ስትከላከል ንጉሥህ በነጩ ወታደር ፊት ይቁም፣ ሩክህ (ከነጩ በኩል ሲቆጠር) ስድስተኛውን ረድፍ ይዝጋ። የነጩ ንጉሥ ወደዚያ እንዳይገባ እስከከለከልክ ድረስ አትቸኩል። ወታደሩ ስድስተኛውን ረድፍ ሲረግጥ የነጩ ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ለፊት የሚጠለልበት ቦታ ያጣል፤ ያኔ ሩክህን ወደ አንደኛው ረድፍ አውርደህ ከኋላ ቼክ በቼክ አድርገው። ቦታውን ሰሌዳ ላይ ደርድረህ ነጩን ለኮምፒውተሩ ስጠው፤ አሥር ጊዜ በተከታታይ አቻ እስክታወጣ ድረስ ተከላከል።