ስህተቱን ቀድሞ የሚነግርሽ ሰው

ባንክ ውስጥ ከቴለርነት ወደ ሱፐርቫይዘርነት ካደግሽ ሦስት ወርሽ ነው። ትናንት ቡና አብረውሽ ይጠጡ የነበሩ ልጆች ዛሬ ስትመጪ ወሬ ያቆማሉ። ሁሉን እየተከታተልሽም ሾርቴጅ (የገንዘብ ጉድለት) መኖሩን የምትሰሚው ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ነው። «ላላ ብል ይንቁኛል፣ ባጠብቅ ይደብቁኛል፤ ምን ይሻለኛል?» ብለሻል።

እህቴ፣ የባንክ ሥራ ራሱ ቁጥጥር አለው። አንዱ የሠራውን ሌላው ያጸድቃል። ይሄ ሜከርና ቼከር የሚባለው አሠራር ያንቺ ፈጠራ ስላልሆነ ማንም አይቀየምሽም፤ እሱን እንዳትነኪው። የሚያስከፋቸው አንቺ ከላይ የጨመርሽው ነው። በየሰዓቱ በቴሌግራም «ምን ላይ ናችሁ?» ማለት፣ ሽንት ቤት የሄደ ሰው ላይ ሰዓት መያዝ። ይሄ አንዲት ብር አያድንም።

ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ ነበር። ሠራተኛው በመቅረትና ከአለቃ ጋር በመጣላት ስሙ የጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም እንደገና ተከፈተ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የድሮ ሠራተኞች ናቸው። በዚህኛው ጊዜ ግን ከመኪና መገጣጠሚያው መስመር በላይ ገመድ ተዘርግቶ ነበር። ችግር ያየ ሰው ሁሉ ይስበው ነበር። የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆም ነበር። ድሮ እንከን ያለበት መኪና ዝም ተብሎ ያልፍ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው በጥራት ከጄኔራል ሞተርስ ምርጦች ተርታ ገባ። (ገመዱ ብቻውን ተአምር አልሠራም። በኋላ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ሠራተኛ አላባረረም፤ ሥልጠና አስገባቸው። ሰው የሚያምነው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው።)

ላንቺ ገመዱ ምን መሰለሽ? አንዱ ቴለር ረፋድ ላይ መጥቶ «አንዱ ደንበኛ ጋ 500 ብር ሳላበዛ አልቀረሁም» ሲልሽ ነው። ያን ሰዓት ሁሉም ሥራ የያዘ መስሎ ያንቺን ፊት ያያል። ጮክ ብለሽ «እንዴት?» ካልሽ አለቀ፤ ቀጣዩ እስከ ማታ ይደብቅሻል። «ና፣ አብረን እንቁጠር፤ ደንበኛው ጋ እንደውል» በይው። ረፋድ ላይ የተነገረ ስህተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ መመሪያው የሚለውን ትፈጽሚያለሽ፤ እሱን አታለሳልሺው። ደጋግሞ የሚያጎድል ካለ ግን ለብቻው ጠርተሽ ፊት ለፊት ንገሪው። ይንቁኛል ያልሽው የሚመጣው ይህንን ስትሸሺ ነው።

የቴሌግራሙን ጥያቄ ከነገ ጀምሮ ተዪው። በምትኩ በር ሳይከፈት አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ተነጋገሩ፤ ትናንት አንቺ ራስሽ የተሳሳትሽው ካለ መጀመሪያ እሱን አንሺ።